አራት መቶ አሥራ ሁለት መሳቢያ

ባሏ በተቀበረ በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባች። የሐዘን ፈቃዱ ሰባት ቀን ነበር፤ ሁለቱን አልተጠቀመችበትም። በሩን ከፈተች፣ መብራቱን አበራች፣ መለኪያውን ሰካች፣ ከመሳቢያ ቁጥር ሃምሳ ሰባት አንድ ካፓሲተር አውጥታ ለካች። ልኩ ትክክል ነበር። መለሰችው።

"ጠንካራ ሴት ናት" አሉ ግማሾቹ። "ልቧ ድንጋይ ነው" አሉ የቀሩት። እሷ ሁለቱንም አልነበረችም። ምግብ ላይ ሦስቴ ጨው ትጨምርና አንዴም አትቀምሰውም። አማቷ ከአልጋቸው ሆነው፣ "ልጄ፣ ሳልሞት በጨው ልታቆዪኝ ነው?" ይሏታል። አንድ ቀን የጋለ የብየዳ ካውያ አውራ ጣቷ ላይ አርፎ ኖሮ የነገራት ሽታው ነው። እጇን ውኃ ውስጥ ከታ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ የጀመረችውን ልኬት ጨረሰች።

ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፎ ነው ደብዳቤው የመጣው።

በድርጅቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም። ፒኮ ይሏታል፤ በቁመቷም በሥራዋም። ድርጅቱ ለከተማው ውኃ የሚያቀርበው መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ነው። የፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ የመስመር ሠራተኞች የሚነጋገሩበት ሬዲዮ፣ የተቃጠለ ማራገቢያ፣ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ እዚያ ይመጣል። ሚስማሩ፣ ሲሚንቶው፣ ቧንቧው በግቢው ማዶ ባለው ዋናው ዕቃ ቤት ይቀመጣል። ካፓሲተሮቹ ግን ለብቻቸው አንድ ክፍል አላቸው። እያረጁ ስለሚደርቁ በየዓመቱ አንድ በአንድ መለካት አለባቸው፤ ለሚስማር ይህ አይደረግም። ክፍሉ ስምንት እርምጃ በአምስት ነው። ሦስቱ ግድግዳ መሳቢያ ነው፤ አራተኛው ላይ በርና ዕቃ የሚሰጥበት መስኮት አለ። መሳቢያዎቹ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።

ካፓሲተር ኤሌክትሪክን ይዞ የሚለቅ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ከምስር ፍሬ ያንሳል፣ አንዳንዱ የወተት ጣሳ ያህላል። የሚይዘው መጠን የሚለካው በፋራድ ነው፤ ዳሩ ግን ሙሉ ፋራድ በዚያ ክፍል ያየ ሰው የለም። ጠብታን በሐይቅ እንደ መለካት ነው። ስለዚህ ይከፋፈላል። የፋራድ ሚሊዮንኛ ማይክሮ ይባላል፤ የማይክሮ ሺህኛ ናኖ፤ የናኖ ሺህኛ ፒኮ። ከማይክሮ እስከ ፒኮ ስድስት ዜሮ አለ።

ይህን ያስተማሯት የክፍሉ የመጀመሪያ ኃላፊ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሠራተኛው አባ ዜሮ ይላቸው ነበር፤ ነጥብ አይወዱም።

"ነጥብ ምንድን ነች?" ብለው ጠየቋት በመጀመሪያው ቀን።

"ነጥብ ነች።"

"የዝንብ ኩስ ነች! ዝንብ ትጥላታለች፣ ርጥበት ያጠፋታል። ዜሮን ግን ማን ተሸክሞ ይሄዳል?"

ሕጋቸው ይህ ነበር። ከአንድ ማይክሮ በላይ ያለው በማይክሮ ይጻፋል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በፒኮ፣ ከነዜሮው። አንድ አሥረኛ ማይክሮ የሆነው መሳቢያ ላይ "መቶ ሺህ ፒኮ" ተብሎ ተጽፏል። ናኖ የሚባል በዚያ ቤት የለም። አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ናኖ? መሃል ሰፋሪ ነው። ከላይ አይደለ፣ ከታች አይደለ።"

ቴክኒሻኖቹ ግን የሚሠሩት ከንድፍ ነው፤ ንድፉ ደግሞ ሁሉንም በማይክሮ ነው የሚያስቀምጠው። በመስኮቱ በኩል "ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አርባ ሰባት" የሚል ወረቀት ይገባል፤ እሷ ነጥቡን ስድስት ቤት ወደ ቀኝ ትገፋና አራት ሺህ ሰባት መቶ ፒኮ ያለበትን መሳቢያ ትከፍታለች። መጀመሪያ በወረቀት፣ ቀጥሎ በጣት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በምንም። የምትኖርበት ሕንፃ ሁለት ፎቅ ነበረው። ላይኛውን ማይክሮ፣ ምድር ቤቱን ፒኮ ብላ፣ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ታሰላ ነበር። መሃል ላይ መታጠፊያ አለ፤ በር የለውም፣ ማንም አይኖርበትም። ናኖ እሱ ነው።

ባሏንም ያገኘችው በዚያው መስኮት ነው። የፓምፕ ኤሌክትሪሻን ነበር። ለፓምፕ ማስነሻ ሃያ ማይክሮ ይጠይቃል፣ ይወስዳል፣ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ምንም ሳይጠይቅ መጣ። "ምን ጎደለ?" አለችው። "እኔ እንጃ" አለ። በዓመቱ ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። ከአራት ዓመት በፊት እናቱ ዳሌያቸውን ተሰብረው እነሱ ዘንድ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። በየአራት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው፤ አለዚያ ጀርባቸው ይቆስላል። ጠዋት እሱ፣ ምሳ ሰዓት እሷ፣ ማታ የደረሰው። አንድ ሐሙስ ጠዋት እናቱን ገልብጦ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ፓምፕ ጣቢያ ደርሶ መሰላል ላይ እንደወጣ ልቡ ቆመ። ሦስቱም ተራ የእሷ ሆነ።

ከክፍሉ እስከ ቤቷ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የምሳ ዕረፍቷ የአንድ ሰዓት ነው። ሃያ አራት ደቂቃ መንገድ፣ የቀረው ለመገልበጥ፣ ለማጠብ፣ ለማጉረስ። ይበቃል። ቤታቸው ሌላ ሰው የለም፤ ሌላ ዘመድም የለም።

ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት መጣ። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ይዞት መጣ፤ ከእሷ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ሲናገር ሰው ሳይሆን ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው።

"መመሪያ ነው" አለ። "ዕቃ ሁሉ ኮምፒዩተር ይገባል። ዓርብ ቆጣሪ ይመጣል። ከሦስት መቶ ዓይነት በታች የያዘ ክፍል ይዘጋል፣ ዕቃው ወደ ዋናው ዕቃ ቤት ይሄዳል።"

"ሠራተኛውስ?"

"ወንዝ ማዶ ያለው መጋዘን ሰው ጎድሎታል።"

ወንዝ ማዶ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

"አማቴ አሉ" አለች።

"አውቃለሁ፤ ግን እኔ ምን ላድርግ? እርስዎ አራት መቶ ምናምን አለዎት። ምን ያስፈራዎታል?" ግድግዳውን እያየ ወጣ።

እሱን ተከትሎ መዝጋቢው ገባ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ሃምሳዎቹን ያለፈ ሰው ነው። አንድ መነጽር ዓይኑ ላይ፣ አንድ ግንባሩ ላይ አለው፤ ቀና ሲል ይለዋውጣቸዋል። ምሳ ሳይደርስ ባለሁለት መነጽሩ የሚል ስም ወጣለት። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አሳያት።

"ይኸውልዎ፣ የመጠኑ ዓምድ። ርዕሱ ማይክሮፋራድ። ከነጥብ በፊት ስድስት አኃዝ፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት።"

"ከነጥብ በኋላ ሁለት አይበቃም።"

"ለሚስማር በቅቷል። ለሲሚንቶ በቅቷል። ለካፓሲተር ብቻ ነው የማይበቃው?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከረው ነበር። ወንበሯን ወደ መሳቢያዎቹ አዞረችና ማንበብ ጀመረች። በፒኮ የተጻፈውን እያየች በማይክሮ ትጠራለታለች፤ እሱ ይጽፋል። ነጥቡ ስድስት ቤት ወደ ግራ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አርባ ሰባት። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ሃያ ሁለት። ድምፅዋ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚጠራ ሰው ድምፅ ነበር። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ የረቡዕን ግማሽ ቀን። ምሳ ሰዓት እየሄደች አማቷን ትገለብጥና ትመለሳለች። ማያ ገጹን አንድም ጊዜ አላየችውም፤ ለምን እንዳላየች ከራሷ ጋርም አልተነጋገረችም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መዝጋቢው ዝርዝሩን አተመ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ "ጠቅላላ ዓይነት፦ 220" ይላል።

ወረቀቱን ወሰደች። በመጠን ዓምዱ ላይ 0.00፣ 0.00፣ 0.00 ገጽ ሙሉ ተሰልፏል። ኮምፒዩተሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቤት ብቻ ስለሚያውቅ የቀረውን ወደ ቅርቡ አጠጋግቶታል። አራት ሺህ ሰባት መቶ ፒኮ ዜሮ ሆኗል። አንድ ሺህ ፒኮም ዜሮ። አንድ መቶ ስልሳ ሦስት መሳቢያ ዜሮ ሆኖ "ባዶ" ተብሎ ወጥቷል። ከቀሩትም ሃያ ዘጠኙ ከጎረቤታቸው ጋር ተደርበዋል፤ አሥራ አምስት ሺሁ፣ አሥራ ስምንት ሺሁና ሃያ ሁለት ሺሁ ሦስቱም 0.02 ሆነው አንድ መስመር ላይ ታጭቀዋል።

ከባዶዎቹ አንዱን መሳቢያ ነቅላ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ቡናማ ፍሬዎች እስከ ኮምፒዩተሩ ሥር ተንከባለሉ።

"ይሄ ባዶ ነው?"

መዝጋቢው መነጽሩን ለዋወጠ። አንዱን ፍሬ አንሥቶ አየው። "ሲስተሙ ባዶ ይላል።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ሲስተሙን ተከትዬ ነው የምለው፣ እህቴ።"

ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። ሁለት መቶ አምስት ነበሩ። መሳቢያውን መለሰች። የሚያስፈራ ነገር እንደሆነ አውቃለች፤ ፍርሃቱን ግን ሌላ ክፍል ውስጥ እንደሚጮህ ስልክ ነው የሰማችው። ይጮኻል፣ የሚያነሣው የለም።

ማታ አማቷን ወደ ግድግዳው በኩል አዙራ ጀርባቸውን እያሸች ነገረቻቸው። ሌላ የሚነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

"ስለዚህ ወንዝ ማዶ ይልኩኛል።"

"እኔንስ?"

"እርስዎን አይልኩም።"

"ጎሽ፣ ቢያንስ አንዳችን ዕረፍት እናገኛለን።" አሮጊቷ ጉንጫቸውን ከትራሱ አነሡ። "ምንድን ነው ያልበቃሽ? አልገባኝም።"

"መለኪያው። ትልቁ ለትንንሾቹ አይሆንም፤ ዜሮ ይሆናሉ። ትንሹ ደግሞ ለትልልቆቹ አይሆንም፤ አኃዙ ከዓምዱ ይተርፋል።"

"እኔ ገበያ ስነግድ ሦስት ስፍር ነበረኝ። ትልቅ፣ ትንሽ፣ መካከለኛ። ያንቺ መሥሪያ ቤት መካከለኛ የለውም?"

"አለው። እኛ አንጠቀምበትም።"

"ለምን?"

"አባ ዜሮ አይወዱትም ነበር።"

"ሰውየው ከሞቱ ስንት ዓመታቸው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"እንግዲያስ አይቆጡሽም። ቀስ በይ፣ ትከሻዬን ነቀልሽው እኮ።"

ሐሙስ ጠዋት መዝጋቢው ሲገባ እሷ ቀድማ ተቀምጣ ነበር። ወንበሯ ወደ ማያ ገጹ ዞሯል።

"በናኖ እንጻፈው" አለች።

"ርዕሱ ማይክሮ ይላል።"

"ርዕሱን ቀይሩታ።"

"ርዕስ የሚቀይረው የዋናው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ነው።"

"መቼ ነው የሚሰበሰበው?"

"ባለፈው ሲሰበሰብ ጸጉሬ ጥቁር ነበር።"

"እንግዲያስ ርዕሱን ተወው። ቁጥሩን ብቻ ናኖ አድርገን እንጻፍ።"

መዝጋቢው ሁለቱንም መነጽር አወለቀ። ያለ መነጽር ፊቱ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር። "ይሄማ ውሸት ነው። የሚያነበው ሰው በሺህ እጥፍ ይሳሳታል።"

"ዜሮውስ እውነት ነው?"

ሰዓቱን አየ። ዓርብ ማታ ቤቱ መግባት ነበረበት፤ የአውቶቡስ ቲኬቱን ቆርጧል፤ ሁለት መቶ ሃያ ብሎ ከመለሰም ማብራሪያ ጻፍ መባሉ አይቀርም። "እኔ የምጽፈው የነገሩኝን ነው" አለና የላይኛውን መነጽር ወደ ግንባሩ፣ የታችኛውን ወደ አፍንጫው መለሰ።

ያን ቀን ምን እየሠራች እንደሆነ ታውቅ ነበር። በሃያ ስምንት ዓመት አንድ የተሳሳተ ቁጥር መዝገብ ላይ ጽፋ አታውቅም። አሁን አራት መቶ ያህሉን በአንድ ቀን ልትጽፍ ነው። አላፈረችም። አለማፈሯንም ልብ ብላለች፤ ጣቷ ሲቃጠል እንዳስተዋለችው ዓይነት፣ ከውጭ።

አዲሱ ስሌት ቀላል ነበር፤ ከፒኮ ሦስት ዜሮ መቁረጥ፣ በማይክሮ በተጻፉት ላይ ሦስት ዜሮ መጨመር። አራት ሺህ ሰባት መቶ ፒኮ አራት ነጥብ ሰባት ሆነ። መቶ ሺህ ፒኮ መቶ ሆነ። አራት መቶ ሰባ ማይክሮ አራት መቶ ሰባ ሺህ ሆኖ ስድስቱን ቤት ሞልቶ ተቀመጠ። የማይገቡም ነበሩ። ከሺህ ማይክሮ ጀምሮ ያሉት፣ ጣሳ የሚያህሉት ሃያ ሰባቱ፣ ሚሊዮን ናኖ ሆነው ሰባተኛ አኃዝ ስለጠየቁ ኮምፒዩተሩ እየጮኸ መለሳቸው። ከአምስት ፒኮ በታች ያሉት አራቱ እንደገና ዜሮ ሆኑ። ከትንንሾቹ የሬዲዮ ዕቃዎች መካከል አሥራ አንዱ ተደራረቡ። እነዚህን አርባ ሁለቱን በወረቀት ላይ በእጇ ጽፋ በመዝጊያው ጀርባ ለጠፈችው።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ "ጠቅላላ ዓይነት፦ 370" የሚል ገጽ ወጣ።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለ መዝጋቢው። በአራት ቀን ውስጥ ከእርስዎ ወደ አንቺ ወርዷል።

"አመሰግናለሁ" አለች። ዕቃዋን ይዛ ወጣች። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቆጣሪው መጣ፤ ቀጭን፣ ጫማው የሚጮህ፣ ከሥሩ የማትለይ ቦርሳ ያለችው ሰው ነው። ወረቀቱን ገለበጠ። እየዘለለ አሥር መሳቢያ አስከፈተ፤ ዕቃ እንዳለባቸው አየ። የተጻፈውን ከዝርዝሩ ጋር አላስተያየም፤ የእሱ ሥራ መቁጠር ነው። ሦስት መቶ ሰባ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም አሳረፈበት።

"ክፍሉ ይቀጥላል" አለ።

የክፍል ኃላፊው እጁን አፋተገ። "እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ የቀረው የሠራተኛው ነገር ነው።"

"የምን ሠራተኛ?" አለች ፒኮ።

"ወንዝ ማዶ ያለው መጋዘን አሁንም ሰው ጎድሎታል። ክፍሉ ይኑር፤ ዕቃው ኮምፒዩተር ከገባ ግን የራሱ ሰው ምን ያደርግለታል? ዋናው ዕቃ ቤት ካሉት አንዱ መጥቶ ይፈልጋል፣ ይሰጣል። ማንም ይችለዋል።" ወደ ቆጣሪው ዞረ። "አሁኑኑ ላሳይዎት እችላለሁ። የሚመጣውን ቴክኒሻን እሷ ሳትሆን መዝጋቢያችን ያስተናግደው።"

መዝጋቢው ወደ እሷ አየ። እሷ መሬቱን አየች። ልትናገር ትችል ነበር። ልሳኗ አልተላቀቀም፤ ወይም እሷ አላላቀቀችውም።

ጢሞ በመስኮቱ ብቅ አለ። የፓምፕ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፣ ጢሙ ከፊቱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ከፒኮ ጋር እኩል የተቀጠረ ሰው ነው።

"ፒኮ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አርባ ሰባት፣ አምስት ፍሬ። ቶሎ በይ፣ ላይኛው ሰፈር ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውኃ የለም፤ እናቶች በጄሪካን ሊደበድቡኝ ነው።" ሰው መሙላቱን አየ። "ምንድን ነው፣ ሰርግ ነው?"

"ዛሬ እኔ ነኝ" አለ መዝጋቢው። ቁጥሩን ጻፈ። 0.047። ኮምፒዩተሩ ሁለት ቤት ብቻ ያውቃልና 0.05 አደረገው፣ ፈለገ፣ አገኘ። "መሳቢያ ሠላሳ አራት!"

የክፍል ኃላፊው ለቆጣሪው ፈገግ አለ። መዝጋቢው መሳቢያውን ከፍቶ አምስት ቢጫ ፍሬ ቆጥሮ በመስኮቱ ሰጠ።

ጢሞ መዳፉ ላይ አደረጋቸው። አንዱን ወደ ብርሃን አነሣው። ጢሙ ተንቀሳቀሰ።

"ወንድሜ፣ እኔ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው የምጠግነው ወይስ የትንኝ ልብ?"

"ምን ሆነ?"

"ይሄ አርባ ሰባት ፒኮ ነው። የጠየቅሁህ አርባ ሰባት ሺህ ፒኮ ነው። ዝሆን ብልህ ቁንጫ ሰጠኸኝ።"

"ኮምፒዩተሩ..." አለ የክፍል ኃላፊው።

"ኮምፒዩተሩ ፓምፕ አይቶ አያውቅማ!"

ቆጣሪው ቦርሳውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። የክፍል ኃላፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ትቶ እሷን አየ።

"ምንድን ነው የተደረገው?"

"ርዕሱ ማይክሮ ይላል" አለች። "ውስጡ ያለው ቁጥር ናኖ ነው። በማይክሮ ሲሆን አንድ መቶ ስልሳ ሦስቱ ዜሮ እየሆኑ ጠፉ። ስለዚህ ናኖ አድርጌ አስጻፍኩት። አንድ ሰው በርዕሱ መሠረት ከፈለገ ሺህ ጊዜ የሚያንስ ዕቃ ያገኛል።"

"ማን ፈቀደልዎት?"

"ማንም።"

"ጣቱ የኔ ነው" አለ መዝጋቢው በቀስታ። ሁለቱም መነጽሮቹ ግንባሩ ላይ ነበሩ።

የክፍል ኃላፊው ወደ ቆጣሪው ዞረ። "እንግዲህ ዝርዝሩ ስህተት ከሆነ ይሰረዝ? እንደገና ይቆጠር?"

ቆጣሪው ማኅተሙን አየ፤ ገና አልደረቀም። ከዚያ ሰዓቱን አየ። "እኔ የፈረምኩት ቁጥር ላይ ነው። ሦስት መቶ ሰባ ዓይነት አለ ወይስ የለም?"

"አለ" አለች ፒኮ። "እንዲያውም አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው።"

"ርዕስ የእኔ ሥራ አይደለም። ርዕስ የኮሚቴ ነው።" ቦርሳውን ዘጋ። ጫማው እየጮኸ ወጣ።

"የእኔስ ዕቃ?" አለ ጢሞ ከመስኮቱ። "እናቶቹ ከነጄሪካናቸው እየጠበቁኝ ነው።"

ፒኮ ተነሥታ ወደ ግራው ግድግዳ ሄደች። ቁጥሩን ሳታይ ከታች ሁለተኛውን ረድፍ ያዘች፣ ሳበች፣ አምስት ፍሬ ቆጥራ ሰጠችው። እስትንፋስ ያህል ጊዜ ነው የወሰደባት። የክፍል ኃላፊው ያይ ነበር።

"ይሄን ዝርዝር ከእሷ ሌላ ማን ሊያነበው ይችላል?" ብሎ ጢሞን ጠየቀው። "አንተ ትችላለህ?"

ጢሞ ሃያ ስምንት ዓመት ካፓሲተር ሲበይድና ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። በሺህ ማባዛት እንቅልፉ ላይም አያቅተውም። ፒኮን አየ። የአማቷን ነገር ያውቃል፤ የባሏን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

"እኔ?" አለ። "ኧረ ጌታዬ፣ ማን ይችለዋል! ራስ ያዞራል። ናኖው ወደ ማይክሮ፣ ማይክሮው ወደ ፒኮ፣ አንዷን ዜሮ ሳትክ ሰፈሩ በሙሉ ውኃ አጣ ማለት ነው። ይሄ ነገር ጥሪ ይፈልጋል።"

"ጥሪ" አለ የክፍል ኃላፊው።

"ጥሪ" አለ ጢሞ። አምስቱን ፍሬ ጨብጦ ሄደ።

ፒኮ መስኮቱ ላይ ቆማ ቀረች። ጢሞ እንደዋሸላት ገብቷታል። ለዚህ ሰው የሚከፈል አንድ ነገር፣ ቢያንስ አንድ ቃል እንዳለ አስባ ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ነገ ታገኘው ይሆናል ብላ ተወችው።

ከምሳ በፊት ደብዳቤው ተጻፈ። የክፍል ኃላፊው የዝውውሩን ሐሳብ ትቶ፣ "የመጠን ዓምዱ ርዕስ በሚመለከተው ኮሚቴ ታርሞ እስኪመጣ ድረስ ሠራተኛዋ ባሉበት ይቀጥሉ" ብሎ ፈረመ። ስለ ውሸቱ ደግሞ ለብቻው አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። ሁለቱን አንድ ላይ ሰጣት። መዝጋቢው ቲኬቱን ይዞ ሲወጣ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ "ኮሚቴውን ካየሁት ሰላም እልልሻለሁ" አላት።

ምሳ ሰዓት ሆነ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ተራመደች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ቁልፉን አዞረች። አማቷ ዓይናቸውን ከፍተው በሩን እያዩ ነበር።

"እሺ? ልብሴን ልሸክፍ?"

"የትም አንሄድም። ባለሁበት ልቀጥል ተባለ።"

"እስከ መቼ?"

"ርዕሱ እስኪታረም።"

"የሚያርመው ማን ነው?"

"ኮሚቴ። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ። ባለፈው ሲሰበሰብ የመዝጋቢው ጸጉር ጥቁር ነበር አሉ።"

"እንግዲያስ እኔ እቀድማቸዋለሁ" አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ፣ ሳሉ ጥቂት ቆየ።

ፒኮ አልሳቀችም። እስኪያበቃ ጠበቀች፣ ውኃ አጠጣቻቸው፣ አንዱን እጇን ከትከሻቸው አንዱን ከዳሌያቸው ሥር አስገብታ ወደ መስኮቱ በኩል አዞረቻቸው። አንሶላውን ጎትታ አስተካከለች። ከዚያ ሰዓቱን አየች። ለሚቀጥለው ተራ አራት ሰዓት ይቀራል።